ድሬ ላይ ውሃ የገባበት ስልክ፦ «አድርቄዋለሁ» ሲሉ ምን ሠርተው ነው?

ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከታይዋን ገበያ እስከ ሳቢያን ስልክ የሚጠግን ቤት ሞልቷል። ስክሪን መቀየር፣ ቻርጅ ማድረጊያውን መቀየር፣ ፍላሽ ማድረግ (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን) ላይ የድሬ ልጆች እጃቸው ፈጣን ነው፤ አብዛኛው ሥራ ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቅ ያልቃል። ውሃ የገባበት ስልክ ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ አገልግሎት ለሁሉም ቤት አንድ ውጤት መስጠት አይቻልም፤ በአንድ ስም የሚጠራው ሦስት የተለያየ ሥራ ነውና። አንደኛው ስልኩን ከፍቶ በሆት ኤር፣ ትኩስ አየር በሚነፋው መሣሪያ፣ ማሞቅ ነው። ሁለተኛው ቦርዱን፣ የስልኩን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ አውጥቶ ማጠብ ነው። ሦስተኛው ካጠቡ በኋላ የሞተውን ዕቃ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ፈልጎ መቀየር ነው። ደንበኛ ሦስቱንም «አደረቁልኝ» ብሎ ይጠራቸዋል፣ የሚከፍለው ግን ለየትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ለመጀመሪያው ገንዘብ አታውጡ። ለሁለተኛው ማውጣት ይገባል። ሦስተኛው የሚያዋጣው እንደ ስልኩና እንደ ሠሪው ነው።

ማሞቅ ለምን እንደማይረባ ለድሬ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ከተማው የሚጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩት፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ነጩ ቅርፊት እዚያው ቀርቷል። ቦርድ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ሆት ኤሩ ውሃውን ያተንነዋል፣ በውስጡ የሟሟው ማዕድን ግን ከሩዝ ፍሬ በሚያንሱት፣ ካፓሲተር በሚባሉት የቦርዱ ዕቃዎች መሀል ተጋግሮ ይቀራል። ትንሽ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ንፋሱ ነው፤ በግፊት ሲነፋ ውሃውን ወደ ሺልዱ (ወደ ብረት ክዳኑ) እና ወደ አይሲው (ወደ ቺፑ) ሥር ይገፋዋል፣ አጠገቡ ያለውን ስክሪንና ባትሪ ደግሞ ያሞቀዋል። የድሬ ፀሐይም ከዚህ አትሻልም። አፕል ለስልኮቹ የማስቀመጫ ሙቀት ጣሪያ ብሎ የሚጽፈው 45 ዲግሪ ነው፤ በግንቦት ቀን የባጃጅ መስታወት ሥር ወይም ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ስልክ ያን በቀላሉ ያልፋል።

ሁለተኛው ጠላት ባትሪው ነው። ስልኩ ጠፍቶም ባትሪው ከቦርዱ ጋር እስካለ ድረስ አንዳንድ መስመሮች ላይ ከ3.7 እስከ 4.4 ቮልት ይቀመጣል። በእርጥብ ቦርድ ላይ ፕላስና ማይነስ ጎን ለጎን ሲገናኙ መዳቡ እየሟሟ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጓዛል። አረንጓዴውና ነጩ ሻጋታ የሚመስለው ነገር ያ ነው። ለዚህ ሰዓታት ይበቃሉ። «ደርቆ ሠርቶ ነበር፣ በሳምንቱ ሞተ» የሚባለው ታሪክ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው፤ ውሃው ቢሄድም ዝገቱ ሥራውን አላቆመም ነበር።

ስለዚህ አንድን ቤት ለመመዘን የመጀመሪያው ነገር ሠሪው ካቻቢቴውን ሲያነሳ ምን እንደሚያስቀድም ማየት ነው። ጎበዝ ሠሪ ጀርባውን ወደ 80 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት አለስልሶ ይከፍትና ሌላ ምንም ሳይነካ የባትሪውን ኮኔክተር ይነቅላል። ባትሪው ሳይነቀል የስክሪኑን ፍሌክስ (ጠፍጣፋ ገመዱን) የሚያወጣ ካያችሁ ስልካችሁን ተቀበሉት። ኤልሲዲ ስክሪን ባላቸው ስልኮች የጀርባ መብራቱ መስመር ከባትሪው ብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ቮልት ይሸከማል፤ እርጥብ ኮኔክተር በሕይወት እያለ ሲነቀል የመብራቱ ፊውዝ ወይም አይሲው ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ ባትሪ መብራት አስጠግታችሁ ስታዩት ምስሉ በደብዛዛው ይታያል። ይህ ጉዳት ውሃው ያደረሰው ተብሎ ለደንበኛው ይሸጣል።

ቀጥሎ ቦርዱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ካሜራው፣ ስፒከሩ፣ ቫይብሬሽኑ፣ የሲም ማስገቢያው፣ ከታች ያለው ትንሿ የቻርጅ ቦርድ፣ ሁሉም ለየብቻ። ብዙ ስልኮች ሲም መግቢያው ውስጥ ወይም ባትሪው አጠገብ ውሃ ሲነካት የምትቀላ ትንሽ ነጭ ምልክት አላቸው። ቀይ ሆና ካገኛችኋት ፈሳሽ ነክቷታል ማለት ነው፤ የት ድረስ እንደገባ ግን አትነግራችሁም። እሷን ብቻ አሳይቶ «ቦርዱ ሞቷል» የሚል ሠሪ ገና ቦርዱን አላየውም።

ከዚያ ሺልዱ። ዋናዎቹ አይሲዎች በብረት ክዳን ተሸፍነዋል። ከላይ ብቻ በብሩሽ የሚያጥብ ሰው ጣሪያውን ጠርጎ ቤቱን ሳይጠርግ እንደሚሄድ ነው፤ ውሃው ተኝቶ የሚቀረው ክዳኑ ሥር ነውና። ክዳኑ ተጭኖ የሚገባ ከሆነ በወረንጦ ይነሳል። በስታኞ የተበየደ ከሆነ በሆት ኤር ቀስ ብሎ መነሳት አለበት፤ ያልለመደ እጅ ከክዳኑ ጋር ከሥሩ ያሉትንም ጥቃቅን ዕቃዎች ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው ሳይታፈር ይጠየቅ፦ «ወንድሜ፣ ሺልዱን ታነሳዋለህ? በማይክሮስኮፕ ነው የምታየው?» መልሱ «እህቴ፣ አያስፈልግም፣ ይደርቃል» ከሆነ ያ ቤት የመጀመሪያውን ዓይነት ሥራ ነው የሚሸጠው። ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ማይክሮስኮፕም አለ።

እጥበቱ ላይ ቤቶቹ በጣም ይለያያሉ። የሚፈለገው 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል 30 በመቶው ውሃ ነው፤ ከጠፋ ከምንም ይሻላል፣ ግን እንደ መጨረሻ ማጠቢያ ከተጠቀሙበት ማድረቂያው ረጅም ይሆናል። ቲነር የሚጠቀሙም አሉ። ቲነር ፍላክስ የሚባለውን የብየዳ ማገዣና ቅባት ይቆርጣል፣ ቶሎም ይደርቃል፣ ለዚህ ይወዱታል። ነገር ግን ፕላስቲክ ኮኔክተሮችን ያለሰልሳል፣ ማጣበቂያ ይፈታል፣ በውሃ የመጣውን ጨውና ማዕድን ደግሞ አይነካውም። ቤቱ ውስጥ ቲነር ከሸተታችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ሠሪዎች ሳይቀሩ የሚስቱት ነገር አለ። አልኮል ስኳርና ጨው በደንብ አያሟሟም። የድሬን ስልክ ደግሞ የሚያረጥበው ንጹሕ ውሃ ብቻ አይደለም። በርጫ ላይ ፍራሹ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ የሚደፋበት ኮካ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። የባጃጅ ሾፌር ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ ቀስ በቀስ የሚበላው ላብ ነው፣ ላብ ማለት ጨው ነው። በወተት ሻይ ደግሞ ስብና ፕሮቲን ይጨመርበታል። እንዲህ ዓይነቱ ቦርድ ባትሪው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ በውሃ መታጠብ አለበት። አዎ፣ በውሃ፤ ግን በዲስቲልድ። ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ ሱቅ ውስጥ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ከጎኑ የሚቀመጠው የባትሪ አሲድ እንዳይሆን ጽሑፉን ማንበብ ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድን አለበት። በዲስቲልድ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ስኳሩ ይወጣል፣ ከዚያ አልኮሉ ውሃውን ይዞት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስኳሩ እዚያው ይቀራል፤ በኋላ ሲሞቅ ደርቆ ይጣበቃል፣ በብሩሽም በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ለሠሪው ውሃ ነው ብላችሁ አትዋሹ። ኮካ ከሆነ ኮካ በሉት፤ ሥራው ይለያያል።

አልትራሶኒክ ማጠቢያ ያላቸው ቤቶች ተጨማሪ ነጥብ ይገባቸዋል። በ40 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚሠራው ትንሹ ገንዳ ብሩሽ የማይደርስበትን የአይሲ ሥር ያጸዳል። ለእያንዳንዱ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ካሜራ፣ ባትሪ፣ ስክሪንና ስፒከር ግን ወደዚያ ገንዳ አይገቡም። ማይክሮፎኑም ቢሆን በንዝረቱ ይጎዳል፤ ከእጥበት በኋላ «ሰው አይሰማኝም» የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ መነሻው ይህ ነው። ማድረቂያው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው። ከታቻቸው በሙጫ የተሞላ አይሲዎች ካሉ ይረዝማል። በ20 ደቂቃ ውስጥ «ጨርሻለሁ» ከተባለ አንድ ደረጃ ተዘሏል።

አሁን ሦስተኛው ሥራ። የታጠበ ቦርድ ወደ ባትሪው ከመመለሱ በፊት ፓወር ሰፕላይ ላይ ይሰካል፣ 4 ቮልት ገደማ ይሰጠዋል። ማብሪያው ሳይነካ የአምፔር ማሳያው ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ጥቂት አሥር ወይም መቶ ሚሊአምፔር ካሳየ አንድ ቦታ ሊኬጅ (የሚያፈስ ኤሌክትሪክ) አለ፤ ስልኩ ሊበራ ይችላል፣ ግን ባትሪ ይበላል፣ ያሞቃል። ወዲያው አንድ አምፔርና ከዚያ በላይ ከዘለለ ዋናው መስመር ሾርት ነው፣ ከግራውንዱ (ከማይነሱ) ጋር በቀጥታ ተገናኝቷል። ማብሪያው ሲነካ ደግሞ ቁጥሩ በጥቂት አሥሮች ይጀምርና እየወጣ እየወረደ ወደ መቶዎች ይሄዳል፤ ያ የሚነሳ ስልክ ምልክት ነው። አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ ከቆመ አንዱ አይሲ ወይም ሶፍትዌሩ ይመረመራል። ይህን ንባብ ሊያሳያችሁ ፈቃደኛ የሆነ ሠሪ ግምት አይሸጥም።

ሾርቱን ማግኘት ብልሃት ይጠይቃል። ቴስተሩ ዳዮድ የሚለው ምርጫ ላይ ይደረግና ቀዩ ገመድ ግራውንድ ላይ፣ ጥቁሩ መስመሩ ላይ ይነካል። ጤናማ መስመር ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.6 አካባቢ ያነባል። ዜሮ ከሆነ ሾርት ነው፣ ምንም ካላነበበ መስመሩ ተቆርጧል። ከዚያ መስመሩ ላይ ከ1 ቮልት ጀምሮ ቀስ እያሉ ኤሌክትሪክ ይሰጡታል፤ የሚሞቀው ዕቃ ጥፋተኛው ነው። ሙቀት የሚያይ ካሜራ ለሌለው ሠሪ የኮለፎኒ (የብየዳ ሙጫ) ጭስ ይበቃዋል፤ ቦርዱ ላይ ነጭ ሆኖ ያርፍና ጥፋተኛው ላይ ቀልጦ ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ካፓሲተር ነው፣ ከአሮጌ ቦርድ በሚነሳ ተመሳሳይ ይተካል። ቦርዱ እንዲህ ሲድን ዋጋው ከስክሪን ያነሰ መሆን አለበት። ፓወር አይሲው ወይም ፕሮሰሰሩ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። የጥገናው ዋጋ ከስልኩ የአሁኑ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ፣ ውሃ የቀመሰ ቦርድ ዕድሜው ስለማይታወቅ፣ ገንዘቡን ለሌላ ስልክ ማዋል ይሻላል። ፎቶና መረጃ ካልያዘ ማለት ነው።

መረጃው ላይ አትታለሉ። «ሚሞሪውን ነቅዬ አወጣልሃለሁ» የሚለው ቃል የድሮ ስልኮች ጊዜ ቃል ነው። በዛሬዎቹ ስልኮች ውስጥ ያለው መረጃ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሚሞሪውን ብቻ ነቅሎ ማንበብ የማይፈታ ጽሑፍ ነው የሚያወጣው። መንገዱ ቦርዱን ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ሕይወት ዘርቶበት መረጃውን መገልበጥ ነው። ለፎቶ ብላችሁ የምታሠሩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ «ፍላሽ አታድርገው» የሚለውንም ጨምሩ። በፍላሽ የተሰረዘ መረጃ አይመለስም።

ከቀላሉ ወገን የቻርጅ ቦርዱ አለ። በቴክኖ፣ በኢንፊኒክስ፣ በሳምሰንግ ኤ ተከታታይና በመሳሰሉት ብዙ ሞዴሎች ቻርጅ ማድረጊያው፣ ማይክሮፎኑና አንዳንዴም አንቴናው በተለየች ትንሽ ቦርድ ላይ ናቸው፤ ትገዛለች፣ በካቻቢቴ ትቀየራለች። ውሃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚያ ቀዳዳ ስለሆነ መጀመሪያ የምትሞተውም እሷ ናት። ሙሉ ቦርዱ ታጥቦ እሷ ዝጋ ከተመለሰች ሥራው ግማሽ ነው። ቻርጅ ስታደርጉ የውሃ ጠብታ ምልክት የሚያሳይ ስልክም ሁልጊዜ እርጥብ አይደለም፤ የታይፕ-ሲ ፒኖቹ ሲዝጉም ያው ምልክት ይመጣል። ምልክቱን በሶፍትዌር «ማጥፋት» ጥገና አይደለም።

ስክሪኑን አልፈዋለሁ ማለት ይቻላል። ኤልሲዲ ውስጥ፣ በመብራቱ ንጣፎች መሀል የገባ ውሃ ጥላ ጥሎ ይቀራል፤ አይታጠብም፣ ይቀየራል። አሞሌድ ከሆነ ጥቁሩ ነጠብጣብ በየቀኑ የሚሰፋ ከሆነ ያው መቀየር ነው። ኮፒ ወይስ ኦሪጅናል የሚለው የታይዋን ጭቅጭቅ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

«ስልኬ እኮ ውሃ አያስገባም» የሚለው ክርክር በየጥገና ቤቱ ይሰማል። አይፒ68 (ውሃና አቧራ የመቋቋም ደረጃ) የተባለ ሳምሰንግ የተፈተነው በንጹሕ ውሃ፣ በ1.5 ሜትር ጥልቀት፣ ለ30 ደቂቃ ነው። አይፎን 12 ለ6 ሜትርና ለ30 ደቂቃ ነው የተባለው። ፈተናው ለአዲስ ስልክ ነው፤ ወድቆ ያውቃል? ስክሪኑ ተቀይሮ ያውቃል? እንግዲያው ያ ቁጥር የእናንተ ስልክ ቁጥር አይደለም። ጥገና ቤቱም ሲዘጋው ያረጀውን ማጣበቂያ ጠርጎ፣ ለሞዴሉ የተቆረጠውን አዲስ ጎማ ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ በቢ-7000 ሙጫ ብቻ የተዘጋ ስልክ አቧራ ይከለክላል እንጂ ወደ ቀድሞው አይመለስም። «ውሃ እንዳያስገባ አድርጌዋለሁ» የሚል ሠሪ ባልዲ ውስጥ ይክተትላችሁ።

ዋስትና ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ውሃ ለገባበት ቦርድ የስድስት ወር ዋስትና የሚሰጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሌላ ነገር ያስባል። ተገቢው ስምምነት የተቀየረው ዕቃ ዋስትና እንዲኖረው፣ ቦርዱ ግን እንዳይኖረው ነው። የመክፈቻና የምርመራ ዋጋ ለብቻው ይነገር፤ ስልኩ ባይነሳም እሱ ይከፈላል፣ ሰውየው ሠርቷልና። የእጥበቱ ዋጋ ለብቻው፣ የዕቃው ለብቻው። «ከተነሳ ይህን ያህል፣ ካልተነሳ ምንም» የሚለው ስምምነት ለደንበኛ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሠሪውን ስልኩን ለአሥር ደቂቃ ብቻ ወደሚያስነሳ አቋራጭ ይገፋዋል።

ወደ አዲስ አበባ ልላከው? የሚለው ጥያቄም አለ። ፕሮሰሰር አንስቶ መልሶ የሚተክል እጅ ካላገኛችሁ መላኩ ተገቢ ነው። ግን እርጥብና ባትሪ ያለው ስልክ በካርቶን ጠቅልሎ በአውቶቡስ መላክ ዝገቱን ተሳፋሪ ማድረግ ነው። እዚሁ ባትሪው ይነቀል፣ ቦርዱ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይጓዝ። የሐረር ደንበኞችም ቢሆኑ ወደ ድሬ ከመውረዳቸው በፊት ቢያንስ ባትሪውን እዚያው ያስነቅሉ።

ጥገና ቤት እስክትደርሱ ድረስ የእናንተ ድርሻ ትንሽ ነው። አጥፉት። «ይሠራ ይሆን» ብላችሁ አትሞክሩት፣ ቻርጅ አትሰኩበት። የሲም መሳቢያውን አውጡ፣ የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ በእጃችሁ መታ መታ አድርጉት። አቦ፣ ሩዙን ለምሳ ተዉት፤ አፕልም ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ይጎዳዋል ብሎ ጽፏል።

ስትረከቡ ደግሞ አትቸኩሉ። በጆሮም በስፒከርም ደውሉ፣ የወዲያኛው ሰው ይሰማችኋል? ሁለቱንም ሲም አስገቡ። ሁሉንም ካሜራ ክፈቱ፤ ሌንሱ ውስጥ ጉም ካለ ካሜራው ወጥቶ አልደረቀም። ዋይፋዩን ከራውተሩ ጥቂት ሜትር ርቃችሁ ሞክሩ። አሻራውን፣ በጥሪ ጊዜ ስክሪኑ መጥፋቱን፣ ቻርጅ ሲደረግ አለመሞቁን እዩ። ማታ ከአውሮፕላን ሞድ ጋር አሳድሩት፤ ጠዋት ከአሥር በመቶ በላይ ወርዶ ካገኛችሁት ሊኬጁ አልተገኘም፣ በማግስቱ ይዛችሁ ተመለሱ። የድሮው ባትሪ ተመልሶ ከተገጠመ ደግሞ ለሁለት ሳምንት የጀርባውን ክዳን በጣት ተጫኑት፤ ከፍ ካለ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ባትሪው እያበጠ ነው፣ ቻርጅ ላይ ሳታስቀምጡት በቀጥታ ለመቀየር ውሰዱት።